ለቶጊያ አንድ ድምፅ

እማማ ሲኔ ከእኔ ጋር የምትጫወተው አንድ ጨዋታ ነበራት፤ ቢያንስ እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ በጠጠሩ መንገድ ላይ ሰው ብቅ ሲል፣ «ማነው የሚመጣው?» ትለኛለች። መጀመሪያ እሷ በእርምጃው ድምፅ ትገምታለች፤ ከዚያ እኔ አይቼ እፈርዳለሁ።

«ይሄ እግሩን የሚጎትት ሰነፍ ኢኪፓ ነው» ትላለች። እውነትም ኢኪፓ ይሆናል።

«አሸነፍሽ» እላታለሁ እየከፋኝ። አንድም ቀን ተሸንፋ አታውቅም።

አንድ ቀን ታዲያ ማሸነፏ ስላንገበገበኝ ዋሸኋት። እየመጣ ያለው ኢኪፓ ነበር፤ የመንግሥት መንገድ ሥራ ዶዘር የሚነዳ፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ፣ ሳቂታ ጎረምሳ። «ተሳስተሻል፤ ፓስተሩ ናቸው» አልኳት። እማማ ወዲያው ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳችና፣ «እንደምን ዋሉ ፓስተር! ምነው ጠፉብን?» አለችው። ኢኪፓ ከደረጃው ሥር ቆሞ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ሳቁን አቆመ። እኔ ሆዴን ይዤ እንከተከታለሁ። እሱ ግን ባርኔጣውን አወለቀና ከፓስተሩ በወፈረ ድምፅ «ደህና ነኝ እማማ» ብሎ፣ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር ተመልሶ ሄደ። ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናትና አባቴ እንደ አብዛኛው የደሴታችን ሰው ባሕር ተሻግረው ኦክላንድ ገብተዋል። እኔን፣ ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን እንዳይቀሩ፣ ለእናቴ ወላጆች፣ ለእማማና ለአባባ ቶጊያ፣ ትተውኛል። መንደራችን ውስጥ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ሃያ ገደማ፣ በራቸው በሳንቃ የተመታባቸውም ያንኑ ያህል ነበሩ። የሰው ብዛት የሚለካው ዓርብ ዓርብ በሚመጣው አውሮፕላን ነው፤ እሱ ደግሞ ከሚያመጣው ይልቅ የሚወስደው ይበልጣል። ጓደኛዬ ሲላ የሄደች ቀን ውሻዋ አየር ማረፊያው አጥር ድረስ ተከትሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳንቃ የተመታ በር ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ነበር የማልፈው።

አባባ ቶጊያ የመንደራችን ተወካይ ነበር። ደሴቲቱ ራሷን ማስተዳደር ከጀመረች ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚጠቆመው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ድምፅ መስጠትም ሳያስፈልግ ምክር ቤት ይገባል። እዚያ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ብቻ ዋና ከተማው አሎፊ ስብሰባ ሲኖር ክራቫት ያስራል፤ ሲመለስ ክራቫቱን ፈትቶ ጎደሬውን ይኮተኩታል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ራሱን ከወንበር አያነሳም። ያስቀመጡት ያነሱታል እንጂ፣ በገዛ እጁ ልውረድ ማለት በፊቱ የቀረበለትን ማዕድ እንደመግፋት ይቆጠራል።

የዚያን ዓመት ምርጫ ሲቃረብ፣ እራት ላይ የሚከተለውን ሰማሁ። እኔ የዓሣ እሾህ እየለቀምኩ ነበር፤ እነሱ አትሰማም ብለዋል።

«ከጣሉኝ ዓርቡን አውሮፕላን ላይ ነን። ሦስታችንም» አለ አባባ።

«ካልጣሉህስ?»

«ካልጣሉኝማ ምን እላቸዋለሁ?»

«ምንም አትላቸውም።»

«አንቺ ቅደሚና እኔ…»

«አንተን ትቼ? ለሁለት ወር ብለው የሄዱት አይደሉም እንዴ ደጃቸው ላይ ጫካ የበቀለው? አልሄድም አልኩ፤ አልሄድም።»

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባባ ከተሸነፈ በራችን በሳንቃ ይመታል። ሽማግሌው ቂም ይዞ ሕዝቡን የሚያስፈራራ መሰለኝ። ሆስፒታል ያለችው ነርስ ያን ሰሞን ለእማማ ምን እንዳለቻት የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ዓይኗን ከውስጥ የሚጫን በሽታ ነበረባት፤ ብርሃኑን ከዳር ጀምሮ ይበላል፣ የበላውንም አይመልስም። አንዱ ዓይኗ አልቆ ነበር። የሁለተኛውን ትራፊ ማዳን ይቻል የነበረው ኦክላንድ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ካደረገች፣ ከዚያም ለወራት ሐኪም ሥር ከቆየች ነበር። እነሱ ሽንፈትን እንደ መውጫ በር እየጠበቁ ሳለ፣ እኔ በየማታው ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ አባባን አሸናፊ አድርገው» እል ነበር።

የመንደሩ ሴቶች የቅጠል ባርኔጣ የሚሠሩት ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው እርጥበት ስላለው ቅጠሉ እጅ ላይ አይሰበርም። የእኔ ሥራ እማማ አጠገብ ተቀምጬ ጥቁር የተነከረውን ቅጠል ካልተነከረው እየለየሁ ማቀበል ነበር፤ ይሄም ሌላ ጨዋታ ነው። ከዋሸኋት ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ እማማ ራሷን አሟት ቤት ቀርታ ብቻዬን ቅጠል ልወስድ ሄድኩ። ከዋሻው አፍ ስደርስ የፓስተሩ ሚስት እትዬ ሎሴ እየተናገሩ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ይሸምናል።

«ሽማግሌው ይውረድ። ሌላ መንገድ የለም» አሉ።

«ማን ይቁምና?» አለች አንዷ።

«ኢኪፓ። የሲኔን ነገር ራሱ ነው መጥቶ የነገረኝ፤ ራሱ ይቁም።»

«ኢኪፓ! ኧረ እትዬ ሎሴ፣ እሱ እኮ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

«ምክር ቤት ታዲያ ምን የሚሠሩ መሰለሽ?»

ዋሻው በሳቅ ተናጋ። እትዬ ሎሴ ግን ቶሎ እጃቸውን አነሱ።

«ብቻ አንድ ነገር። እንዳናዋርደው። ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ሰው ነው። በጥቂት ይሸነፍ።»

«በስንት?»

«በጥቂት አልኩ እኮ! ይሄም ይለካል እንዴ?»

ማንም አልለካውም። እኔ እዚያ አልቆየሁም፤ ቅጠሉንም ረስቼ እየሮጥኩ አባባ ጋ ደረስኩ። ጎደሬው መሐል ጎንበስ ብሎ ነበር።

«አባባ! ሊጥሉህ ነው!»

«ማን አለሽ ላንጊ?»

«ሁሉም! ኢኪፓ ሊቆም ነው! እትዬ ሎሴም አሉበት!»

«ሎሴም?» ቀስ ብሎ ቀና አለና ወገቡን ያዘ። «ተመስገን» አለ።

ሽማግሌ በጣም ሲናደድ ተመስገን ይላል ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። ያን ቀን እስኪመሽ ሲያፏጭ ዋለ፤ እሱንም ከንዴት ቆጠርኩት።

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች መንደሩን ያበላሉ፤ ወጉ ነው። በጋለ ድንጋይ በጉድጓድ የበሰለው ጎደሬና ፓፓያ በኮኮናት ወተት ርሶ፣ ሽታው አዳራሹን ሞልቶታል። አባባ ከጫካ ያደነውን ትልቁን የኮኮናት ሸርጣን ለራሱ ማዕድ ሳይሆን ለኢኪፓ እናት በእኔ እጅ ላከላት። እግሮቹ በገመድ የተተበተቡ፣ ሰማያዊ፣ ክንዴን የሚያህል ሸርጣን ነው። ለጠላት እንዲህ ያለ ሸርጣን መላክ ምን የሚሉት ጅልነት ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ከሸርጣኑ ጋር ስጣላ ሄድኩ። የኢኪፓ እናት ተቀብላኝ ጉንጬን ሳመችና፣ «ልጄ፣ ዛሬ እግዚአብሔር ይርዳን» አለችኝ። የእኔም ጸሎት ያው ነበር፤ ግን በተቃራኒው።

በእኛ መንደር ተወዳዳሪ ራሱን አይመርጥም። ከገዛ ድግሱ ቀድሞ እንደመቁረስ ነውር ነው። ስለዚህ አባባ ለኢኪፓ፣ ኢኪፓም ለአባባ ድምፁን እንደሚሰጥ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ማንም አያስበውም። እማማን በእጄ እየመራሁ አስገባኋት። ከአሎፊ የመጣው የምርጫ አስፈጻሚ መነጽሩ ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን ሰው ነበር።

«እማማ፣ ላግዝዎት? ላይኛው ስም ኢኪፓ ነው፣ ታችኛው ቶጊያ።»

«ተወኝ ልጄ። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ስም አጣዋለሁ?» አለችው። አዳራሹ ሳቀ። መጋረጃው ውስጥ ቆየች፤ ከሁሉም ሰው በላይ ቆየች። ስትወጣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋው ነበር፤ የኮሮጆውን ቀዳዳ በጣቷ ፈልጋ ከተተችው።

ቆጠራው የሚደረገው በሰው ፊት ነው። አስፈጻሚው ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ስሙን ያነባል፣ ወደ ሕዝቡ ያሳያል። መጀመሪያ ኢኪፓ፣ ኢኪፓ፣ ቶጊያ፣ ኢኪፓ። ጥርሴን ነከስኩ። እትዬ ሎሴ በማራገቢያቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ልክ እንደ መዝሙር ይቆጥራሉ። ከዚያ ቶጊያ። ቶጊያ። አንድ ኢኪፓ፣ እንደገና ቶጊያ። ማራገቢያው ቆመ። ሰዎች ጎረቤታቸውን ሰረቅ አድርገው ማየት ጀመሩ፤ ጎረቤትም መልሶ እነሱን። ኢኪፓ ከወንበሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ዶዘሩ ቁልቁል የሚንሸራተትበት ይመስል ጉልበቱን ጨብጧል።

«ቶጊያ ሃያ ሁለት፣ ኢኪፓ ሃያ አንድ» አለ አስፈጻሚው።

እኔ ብቻ ነኝ የጮህኩት። ወንበር ላይ ዘልዬ ወጥቼ አጨበጨብኩ። ሌላው ሰው እንደ ቅዳሴ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ እያመነታ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ምን ያድርጉ። እትዬ ሎሴ ተቀመጡ። አባባ ተነሳና ክራቫቱን ነካ ነካ አድርጎ፣ «አከበራችሁኝ» አለ። ቀጥሎ የሚለውን ሲፈልግ እንባው መጣ። «በጣም… በጣም ነው ያከበራችሁኝ።» አልቅሶ አይቼው አላውቅም ነበር። ድል እንዲህ ያለ ነገር ነው ማለት ነው አልኩ፤ ወንድ ልጅ ያስለቅሳል።

የሆነውን አሁን አውቀዋለሁ፤ ባለፉት ዓመታት፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት፣ አንድ በአንድ እየጎተቱ ወደ ጥግ ወስደው ነግረውኛል። እያንዳንዱ ቤት ሽማግሌው በጣም እንዳይዋረድ ብሎ ነው። ባል ለኢኪፓ ይሰጣል፣ ሚስት ደግሞ ትንሽ ታዝንና ለቶጊያ አንድ ጣል ታደርጋለች። ወይም እሷ ለኢኪፓ፣ እናቷ ለቶጊያ። ሌላው መቼም ተስማምቷል፣ እኛ አንድ ብንሰጠው ምን ይላል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እነሱ ጌጥ ጌጡን ለየራሳቸው ይዘው ሸክሙን ሁሉ አባባ ጫንቃ ላይ አወረዱት። እትዬ ሎሴ ሳይቀሩ፣ ያንን ሁሉ ያቀነባበሩት ሴትዮ፣ ለቶጊያ ነበር የሰጡት። «አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል ብዬ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ፣ አንዲት የቡና ስኒ በሁለት እጃቸው ይዘው። እስካሁን አልተናደድኩባቸውም። ይሉኝታ ከፍቅር የሚለይበትን ቦታ እኔም አላውቀውም።

ያን ዕለት ቤት ስንገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እማማ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ፣ አይቼው የማላውቀውን የተሞላ ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ለእናቴና ለአክስቶቼ የሸመነቻቸውን ባርኔጣዎች አንድ በአንድ እያነሳች ትሰጠኛለች፤ እኔ ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ።

«ማን ነበር አዳራሽ ውስጥ የሚያለቅሰው?» አለችኝ።

«ሁሉም። በደስታ ነው።»

«በደስታ» አለች።

ከወጥ ቤት አባባ፣ «እተወዋለሁ፤ ሰኞ ሄጄ ለቅቄያለሁ እላቸዋለሁ» ሲል ሰማሁት።

«በመረጡህ በማግሥቱ? ሸሸ አይሉህም? አሽቀንጥሮብን ሄደ አይሉህም?»

«ይበሉ!»

«አንተ ትችለዋለህ። እኔ አልችለውም» አለችና ባዶውን ሻንጣ ወደ አልጋው ሥር መልሳ ገፋችው። ስለዚህ ቀረን። እኔም በዚያ ሌሊት ጌታን አመስግኜ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው እየቀረ ሄደ። ማነው የሚመጣው ብላ መጠየቅ ተወች፤ ቀድማ ስሙን እየጠራች ሰላም ትላለች፣ አታስፈልጊኝም ማለቷ መስሎኝ አኩርፌአታለሁ። ዋሻ መሄዷን ግን አልተወችም። ጥቁሩን ካልተነከረው መለየት ሲያቅተኝ እንኳ እሷ በጣቷ ትለየው ጀመር፤ የተነከረው ሸከር ይላል። ነርሷ ጠብታ ትሰጣት ነበር። አንድ ቀን ጸጉሬን እየጎነጎነች ሳለ ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ በመዳፏ ዳሰሰችው። «አፍንጫሽ የእናትሽን ሆነልሽ» አለች። ከፊት ለፊቷ ነበር የተቀመጥኩት።

ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ምርጫ መጣ። አባባ እንደ ወጉ ተጠቆመ፣ ኢኪፓም ተጠቆመ። በዚህ ጊዜ በጥቂት ያለ ሰው የለም። እትዬ ሎሴ አዳራሹ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ ክንዱን እየያዙ፣ «ዛሬ ለማንም እንዳታዝን! ሰማህ? ለማንም!» ይሉ ነበር። አስፈጻሚው፣ ያው ቀጭን አንገቱ፣ ይሄን ሕግ ይፈቅዳል ወይ ብሎ ሊጠይቃቸው ፈልጎ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

ኢኪፓ፣ ኢኪፓ፣ ኢኪፓ። ሌላ ስም አልተነበበም። አስፈጻሚው ጨርሶ ኮሮጆውን ገለበጠና አራገፈው፤ ምንም አልወደቀም።

«ኢኪፓ አርባ። ቶጊያ ዜሮ።»

«እኔም ራሴን ነው የመረጥኩት!» ብሎ ጮኸ ኢኪፓ፣ ላቡ በፊቱ ላይ እየወረደ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ! ድምፄ ተጣፋ እንዳትሉኝ፣ ራሴን መረጥኩ!»

አባባ ተነሳ፤ መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነው። ኢኪፓን አቅፎ እንደ ወጋችን አፍንጫውን በአፍንጫው ነካው፤ ሁለቱም ሊለያዩ አልቻሉም። ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር፣ ሴቶቹም መዝሙር ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ አይቼ አላውቅም። አንድ እንኳ! ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ሰው አንድ እንኳ!

ኦክላንድ ያለው ሐኪም በትንሽ መብራት የእማማን ዓይኖች ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጨዋ ሰው ነበር። ለምን ከሦስት ዓመት በፊት እንዳልመጡ ጠየቀ። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። አባባ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ፣ «ሥራ ነበረኝ በይው» አለኝ።

የምርጫው ቀን ግን፣ ገና ከአዳራሹ ስንወጣ፣ እማማ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስሮጥ ሰምታ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ስንት አገኘ?»

«ምንም!» አልኳት እየነፈረቅኩ። «ዜሮ! አንድም ሰው አልመረጠውም!»

«አንድም?» አለችና ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ጎሽ። ያን ጊዜስ አንድ ከእኔ ነበረው። ምን ላድርግ፣ እስክሪብቶውን ስይዝ አንጀቴን በላው። ሚስቱ እንኳ ጣለችው ከሚባል… አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል ብዬ።» እንባዬን በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝ። «በይ አታልቅሺ። ዓርብ እንሄዳለን።»

የእሷን ድምፅ ያኔ አልቀነስኩትም። የቀነስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ። በማይረባ ነገር ላይ ሳስብ ቆይቼ ሃያ ሁለትና ሃያ አንድ መጡብኝ። አንዷን ከዚህ አነሳሁና እዚያ አስቀመጥኳት። ፌርማታዬ አለፈኝ። ወርጄ በእግሬ ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄድኩ፤ የምነግረውን ቃል እየደረደርኩ፣ አባባ ማወቅ አለበት እያልኩ።

በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፣ ጉልበታቸው ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት።

«ማነው የሚመጣው?» ሲላት ሰማሁት ከአጥሩ ውጭ።

ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። «ላንጊ ናት። ዛሬ ደክሟታል።»

«አሸነፍሽ» አላት።

ገብቼ ሁለቱንም ሳምኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምንም አልነገርኩትም።